ዳገት የወጣው መጸዳጃ ቤት

ግዛቸው በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ሰው ሲከስር ያያል። እንጀራው ነው። ስትሪፕ በሚባለው የላስ ቬጋስ ጎዳና ላይ ካሉት ካዚኖዎች በአንዱ፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ፣ አርባ ስምንት ስክሪን ፊት ተቀምጦ ጣራው ላይ የተሰቀሉት ካሜራዎች የሚያዩትን ያያል። የተቀጠረው ደንበኞች በሥርዓት መክሰራቸውን እንዲያረጋግጥ ነው። ከሥርዓት ውጭ ሲከስር የተያዘ ሰው እስከ ዛሬ የለም፤ ከሥርዓት ውጭ የሚያሸንፍ ግን አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ግዛቸው የሚፈለገው ለዚያ ሰው ነው።

ዲቪ ደርሶት ከመምጣቱ በፊት ቀያሽ ነበር። አሰላ ማዘጋጃ ቤት አሥራ ስድስት ዓመት መሬት ለክቷል፤ ድንበር ተገፋብኝ ያለ ሁሉ ይዞት ይሄድ ነበር። አሜሪካ የቀያሽነት ወረቀቱን በአክብሮት ተቀበለች፣ ኮፒ አደረገች፣ በአክብሮት መለሰችለት። ከሙያው የቀረው አንድ የነሐስ ቱምቢ ነው፤ በገመድ ተንጠልጥሎ ግድግዳ ቀጥ ማለቱንና መዝመሙን የሚናገር ሹል ክብደት። ስፕሪንግ ቫሊ የተከራዩት አፓርታማ በገቡ በመጀመሪያው ቀን ቱምቢውን ሳሎኑ ውስጥ አንጠለጠለና፣ ግድግዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር መዝመሙን ለባለቤቱ ለደመቀች አበሰራት። ደመቀች ሆቴል ውስጥ በቀን አሥራ አራት ክፍል የምታጸዳ ሴት ናት፤ ሻንጣ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን እያሸች ነበር።

«ተወው» አለችው። «ኪራዩም ዘሟል።»

ይህ ሰው ነው እንግዲህ በላስ ቬጋስ ቅርስ ጠባቂ የሆነው። ላስ ቬጋስ ለቅርስ ያላት ፍቅር የታወቀ ነው፤ አንድ ሆቴል አርባ ዓመት ከሞላው እንደ ጥንታዊ ይቆጠርና በፈንጂ ይፈርሳል፣ ሕዝቡም ወንበር ይዞ ወጥቶ ርችት እያየ ያጨበጭባል። እንዲህ ካለ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ሌክ ሚድ በሚባለው ሐይቅ ዳርቻ ላይ፣ የሺህ ዓመት ጉድጓድ በስንት ሳንቲ ሜትር ወደ ውሃ እንደተጠጋ የሚለኩ ጥቂት ሰዎች መኖራቸው እብደት ይመስላል። ግዛቸው መኖራቸውን ያወቀው በአንድ ምርቃት ላይ ነው።

የአንድ ወዳጃቸው ልጅ ተመርቃ ድግስ ነበር፤ ከእንግዶቹ አንዷ፣ ናርዲ የምትባል ወጣት፣ ተመራቂዋን ከሰማይ ለመቅረጽ ድሮን አስነሣች። እንግዳው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ እጁን አውለበለበ። ግዛቸው አላውለበለበም። ሳህኑን እንደያዘ ወደ ናርዲ ተጠጋና ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሆነ፣ አንዱ ፎቶ በሌላው ላይ ስንት በመቶ እንደሚደረብ ጠየቃት። ናርዲ እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ ሰመርሊን የምትኖር የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ናት፤ በሠላሳ ዓመቷ ብዙ ኢትዮጵያዊ ስለ ሥራዋ ጠይቋታል፣ ጥያቄው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ደሞዙ ስንት ነው?

«ጋሽ ግዛቸው፣ አንተ ይህን እንዴት ታውቃለህ?» አለችው።

በሳምንቱ ናርዲ የምትሠራበት የሐይቅ ዳር ቅርስ ተመልካቾች ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ሆነ። ማኅበሩ ኮፍያ ሰጠው። ከማዘጋጃ ቤቱ በኋላ ከማንም መሥሪያ ቤት የተሰጠው የመጀመሪያ የሙያ ዕቃ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐይቁ በግድብ የተሠራ ነው፤ ውሃው በየዓመቱ ይወርዳል፣ ይወጣል። በወረደ ቁጥር ከሥሩ የድሮ ሰዎች ቤት፣ ምድጃ፣ የእህል ጉድጓድ ብቅ ይላል፤ በወጣ ቁጥር ማዕበሉ ዳርቻውን እየላሰ ይበላዋል። ውሃው የተወውን ደግሞ በሞተር ጀልባ እየከነፈ የሚዝናናው ሕዝብ በሞገድ ይጨርሰዋል። «ሳይት አሥራ ሰባት» የሚሉት ቦታ ውሃው ጠርዝ ላይ ያለ የአፈር መደብ ነው፤ ላዩ ላይ ዙሪያቸው በድንጋይ የተደረደረ አምስት ጉድጓዶችና አንድ ክብ የቤት ወለል አለ። በውሃው በኩል አውቶቡስ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ይገኛል። ከበስተጀርባ ዳገቱ ላይ መኪና ማቆሚያና ከሲሚንቶ የተሠራ መጸዳጃ ቤት አለ። ይህን መጸዳጃ ቤት አደራ እንዳትረሱት።

ድሮን ይህን ቦታ የሚለካው እንዴት ነው? አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ጣታችሁን ተመልከቱ፤ ቀጥሎ ያኛውን ጨፍኑና በሌላኛው ተመልከቱ። ጣታችሁ የዘለለ ይመስላል። አንጎላችን ርቀትን የሚያውቀው ከዚያች ዝላይ ነው። ድሮኑም ከላይ እየተመላለሰ አራት መቶ ፎቶ ያነሣል፤ እያንዳንዱ ጠጠር በብዙ ፎቶ ላይ ትንሽ ትንሽ እየዘለለ ይገኛል፤ ኮምፒውተሩ ዝላዮቹን ሁሉ አስልቶ ቦታውን ከነጉብታው፣ ከነስርጉዱ ይሠራዋል። ከስድስት ወር በኋላ እንደገና ይበራል፣ ሁለተኛ ምስል ይሠራል። ከዚያ አንዱን ከሌላው መቀነስ ነው። የጎደለው ቀይ ይሆናል፣ የተጨመረው ሰማያዊ፣ ያልተለወጠው ግራጫ። ግዛቸው ይህን መጀመሪያ ያየ ዕለት ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ሦስት ጊዜ አስደገማት። አሰላ እያለ አንድ ገደል ለመለካት አራት ቀንና ሁለት በቅሎ ይፈጅበት ነበር።

ድሮኑ አንድ ጉድለት አለው፤ ያለበትን ቦታ በደንብ አያውቅም። በዚህ ከቬጋስ እንግዶች አይለይም። ስለዚህ መሬት ላይ የዳማ ገበታ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ምልክት ይለጠፍለታል፤ ምልክቱ ያለበት ቦታ አንድ ጊዜ በሳተላይት መሣሪያ ተለክቶ ይመዘገባል፤ ከዚያ ወዲያ ድሮኑ በበረረ ቁጥር ምስሉ በእነዚያ ምልክቶች ላይ ይታሰራል። ምልክቱ የማይነቃነቅ ነገር ላይ መሆን አለበት። ሳይንሱ እስከዚህ ድረስ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው እምነት ነው።

በጥቅምት ወር፣ ከድሮኑ ሦስት እጥፍ የሚከብድ የፈቃድ ወረቀት ተሟልቶ፣ የመጀመሪያው በረራ ቀን ደረሰ። ምልክቶቹ የት እንደሚለጠፉ የሚወስነው ግዛቸው ነበር። ናርዲ ከዳገቱ ላይ ካለው አለት እንዳይርቅ ነግራው ነበር፤ ጠፍጣፋው ድንጋይ ግን ዓይኑን ሳበው፤ ለጉድጓዶቹ ቅርብ ነው፣ ሰፊ ነው። በተረከዙ መታ መታ አደረገው። ዞሮ ከጀርባው ሊያየው ሲል ጋሽ ዘውገ ከወንበራቸው ተናገሩ።

ጋሽ ዘውገ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ካርድ አከፋፋይ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቬጋስ የገባ የመጀመሪያው ሐበሻ እኔ ነኝ የሚሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚከራከራቸው ሰው ስለሌለ እንዳሉት ሆኗል። ኢንስፒራዳ ሰፈር ቤት አላቸው። እዚያ ሰፈር አንድ ሰው ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ ከግራ ወደ ቀኝ ቢያዛውር የነዋሪዎች ማኅበር ደብዳቤ ይጽፍበታል፤ ጋሽ ዘውገ ሦስት ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ለዚህ ይመስላል ድንጋይ ላይ ቆራጥ አስተያየት ያላቸው። በጎ ፈቃደኛ የሆኑት ከግዛቸው ቀድመው ነው፤ ሥራቸው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጦ ታሪክ መናገር ነበር።

«ምኑን ትደበድበዋለህ?» አሉት። «በፈረንጆቹ ሰማንያ ሦስት እዚህችው ላይ ተቀምጬ ዓሣ አጠምድ ነበር። ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ስንዝር ንቅንቅ አላለችም።»

ይህን የሰማ ሌላ ቀያሽ፣ እንበል ከኦሃዮ የመጣ፣ ፈገግ ብሎ ከጀርባው ሄዶ ያይ ነበር። ግዛቸው ግን የአሰላ ሰው ነው። በእሱ የሥራ ዘመን የድንበር ድንጋይ ሲያከራክር ሽማግሌ ይጠራል፤ ሽማግሌው «ከአባቴ ጀምሮ እዚሁ ናት» ካለ፣ መዝገቡ ይዘጋል፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሽማግሌ የመሰከረበትን ድንጋይ ዳግመኛ መነቅነቅ ሽማግሌውን መነቅነቅ ነው። ስለዚህ አራቱን ምልክቶች በጠፍጣፋው ድንጋይና በመደቡ ጠርዝ ላይ ለጠፋቸው። ናርዲ ጠየቀችው፤ እሱም ምስክር አለኝ አለ። ከሳምንቱ ሥራ ሁሉ ያልተረጋገጠች አንዲት ነገር ይህች ነበረች፤ ኮምፒውተር ስለ ምስክር አይጠይቅም።

ግን እጅ የለመደውን ይሠራል። ከመሄዱ በፊት ግዛቸው ሜትሩን አውጥቶ ከመጸዳጃ ቤቱ ማዕዘን እስከ አንደኛው ምልክት ዘረጋ፤ ሠላሳ ስምንት ሜትር ከሃያ። በኪስ ደብተሩ ጻፈው። ድሮም ቢሆን ማንኛውንም የድንበር ድንጋይ ማንም ተሸክሞ ሊወስደው ከማይችል ነገር ጋር፣ ከቤተ ክርስቲያን ግንብ ወይም ከትልቅ ዋርካ፣ ለክቶ መጻፍ ልማዱ ነበር። እዚህ ዋርካ የለም፤ መንግሥት ያቆመው መጸዳጃ ቤት አለ። ጻፈውና ረሳው።

በሚያዝያ ድሮኑ ሁለተኛ በረረ። ውጤቱ አስደናቂ ሆነ። ሳይት አሥራ ሰባት ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነበር። ለውጥ ዜሮ፤ ስህተት ከአንድ ሳንቲ ሜትር በታች። የማኅበሩ ቦርድ ሰብሳቢ ምስሉን አይተው «ቢዩቲፉል» አሉ። እንዲህ ያለ ንጹህ ውጤት በማኅበሩ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም፤ ማኅበሩ ሦስት ዓመቱ ነው።

ቦርዱ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ረቡዕ ነበር፤ አጀንዳው ሁለት ነው። አንደኛው፣ ውሃው ተመልሶ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ሳይት በአስቸኳይ ይቆፈር የሚለው ነው፤ አቅሙ ለአንድ ብቻ ነው። ሳይት አሥራ ሰባት ለውጥ ስላላሳየ ከዝርዝሩ ሊወጣ ነው። የሚተካው ሳይት ዘጠኝ ነው፤ በሃምሳዎቹ የተሠራ የጀልበኞች ቡና ቤት የሲሚንቶ ወለል። የቦርዱ ሰብሳቢ ሚስታቸውን ለጋብቻ የጠየቁት እዚያ ወለል ላይ ስለሆነ፣ ጥንታዊነቱን በሚገባ ያውቃሉ። ሁለተኛው አጀንዳ ቅጥር ነበር፤ የሐይቅ ዳርቻ ቀያሽ፣ ሙሉ ጊዜ፣ ከነኢንሹራንሱ። ናርዲ የግዛቸውን ስም አቅርባለች፣ ውጤቱንም አያይዛለች። ሰብሳቢው ጉዳዩ ያለቀ ያህል ነው ብለዋታል።

ግዛቸው ያን ሳምንት ስክሪኖቹ ፊት ሲቀመጥ ጀርባው ቀጥ ብሎ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው የሚያይ ሰው ነበር፤ ከረቡዕ ጀምሮ ቀያሽ ሊባል ነው። ለደመቀች ነግሯታል። ለእናቱ በስልክ ነግሯቸዋል። ለሱፐርቫይዘሩ ብቻ አልነገረም፤ እሱንም ቢሆን ሊነግረው ሁለት ጊዜ ኮሪደር ድረስ ሄዶ ነበር።

የእረፍት ቀኑ ሰኞና ማክሰኞ ነው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ውጤቱን ለማድነቅ ብቻ ከፈተው። ግራጫውን አየ፣ አደነቀ። ከዚያ ያው የሥራ ልማዱ መጣበት። ካሜራ በሚታይበት ሰርቬይላንስ ክፍል ውስጥ ለአዲስ ሠራተኛ የሚነገር የመጀመሪያ ትምህርት አለ፤ አታላይ እጁን እንድታይለት ይፈልጋል፣ ስለዚህ እጁን ትተህ የጠረጴዛውን ጠርዝ እይ። በሪፖርቱ ላይ ያለው ምስል በሳይቱ ወሰን ልክ የተቆረጠ ነው፤ ከወሰኑ ውጭ ያለው ማንንም ስለማያገባ ተደብቋል። ግዛቸው የተደበቀውን ገለጠው።

ዳገቱ በሙሉ ተለውጦ ነበር። ቀይና ሰማያዊ፣ ቀይና ሰማያዊ። መኪና ማቆሚያው ሸሽቷል። የሲሚንቶው መጸዳጃ ቤት ደግሞ፣ ከነበሩና ከነጣራው፣ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ከውሃው ርቆ፣ አሥራ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ወጥቶ ተገኘ። ስድስት ወር ሙሉ ዳገት ሲወጣ አንድም ሰው አላየውም።

ግዛቸው እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። መጸዳጃ ቤት ዳገት አይወጣም። ካልወጣ ደግሞ የወረደው ሌላው ነው። ጉድጓዶቹ፣ የቤቱ ወለል፣ ጠፍጣፋው ድንጋይና አራቱ ምልክቶች፣ ሁሉም ባንድ ትሪ ላይ እንዳሉ ብርጭቆዎች፣ አብረው ወደ ሐይቁ እየተንሸራተቱ ናቸው። አብረው ስለሚሄዱ እርስ በርስ ሲተያዩ የቆሙ ይመስላቸዋል። ድሮኑ አልዋሸም፤ ምልክቶቹ አይንቀሳቀሱም ብለው ነገሩት፣ እሱም አምኖ ዓለምን በሙሉ አንቀሳቀሰላቸው።

ደመቀች ከሥራ ስትገባ ባሏ ስክሪኑን አፍጥጦ ያይ ነበር። ምን ሆነህ ነው አለችው።

«መጸዳጃ ቤቱ ዳገት ወጥቷል።»

«የቱ?»

«የሐይቁ።»

ደመቀች ቦርሳዋን አስቀመጠች። «እኔ በቀን አሥራ አራት አጥባለሁ፤ አንዱም ተነሥቶ ሲሄድ አላየሁም» አለች።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳኝ አለችው፤ አስረዳት፤ በትሪው ሲያስረዳት ገባት። ድንጋዩን የመረጠው ማን ነው አለች። እኔ አለ። ለረቡዕ ባትነግራቸውስ ብላ ጠየቀችው፤ ሥራው የእኔ ነው አላት። ብትነግራቸውስ አለች፤ አላውቅም አላት። የራሱን ምልክት የማይነቃነቅ ነገር ላይ መለጠፍ ያቃተው ሰው ቀያሽ ተብሎ ይቀጠራል ብሎ እሱም አላመነም። ሳይቱ ግን በዚህ አካሄድ ከሄደ፣ ቡና ቤቱ ተቆፍሮ እስኪያልቅ ሐይቅ ውስጥ ይገባል።

ደመቀች ጫማዋን እያወለቀች አሰበችበት።

«እኔ የማውቀው አልጋ ነው» አለች በመጨረሻ። «አንሶላ ሥር የቀረውን ሱፐርቫይዘሯ ላታየው ትችላለች። የሚተኛበት ሰው ግን ያገኘዋል።»

ማክሰኞ ማለዳ ግዛቸው ሜትሩን፣ ቱምቢውንና የኪስ ደብተሩን ይዞ ወደ ሐይቁ ነዳ። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን መረመረ፤ ሰው የሚጠረጥረውን መመርመር ግዴታው ነው። ቱምቢውን ከጣራው ጫፍ አንጠለጠለ፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ከእሱ አፓርታማ ይሻላል። ከሥሩ ያለው አስፋልት አልተሰነጠቀም። ከዚያ ሜትሩን እስከ ምልክቱ ዘረጋ። ሠላሳ ስምንት ሜትር ከስልሳ አንድ። በጥቅምት ሃያ ነበር። አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር። ድሮኑ በሰማይ ያለውን፣ የሦስት ዶላር ሜትር በምድር ደገመው። ከእሱ ዕድል ጋር ባይያያዝ ኖሮ እንዴት ያለ የሚያምር ነገር ነበር! እንዲያም ሆኖ ብቻውን ፈገግ አለ፤ ሁለት ልኬት ሲስማማ ደስ የማይለው ቀያሽ የለም።

ቀጥሎ በጥቅምት ሊያየው ሲል ጋሽ ዘውገ ወዳስቀሩት፣ ወደ መደቡ ጀርባ ሄደ። ስንጥቁ እዚያው ነበር፤ ከዳር እስከ ዳር፣ ክንድ የሚያስገባ። ውስጡ አንድ የቢራ ጣሳ ወድቋል። ያኔ ሦስት እርምጃ ቢራመድ ኖሮ የስንጥቁን መጀመሪያ ያየው ነበር።

የቀረው ከባዱ ነው። ሪፖርቱ ሲነበብ ጋሽ ዘውገ አዳራሹ ውስጥ ይኖራሉ። ሽማግሌን ሰው ፊት ማዋረድ አይቻልም፤ ቀድሞ ቤታቸው ሄዶ መንገር ነው። ግዛቸው ኢንስፒራዳ ደርሶ ከሕጋዊ ድንጋዮቻቸው አጠገብ መኪናውን ፓርክ አደረገ። ጋሽ ዘውገ ሰሙት። ስለ ስንጥቁ ሰሙ፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱም ሰሙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የለም፣ የለም። አንተ ልጅ እኔን ውሸታም ልታደርገኝ ነው። ሰማንያ ሦስት እዚያችው ላይ ነው የተቀመጥኩት።»

ግዛቸው የሐይቁን የከፍታ መዝገብ አትሞ ይዞ ነበር። በፈረንጆቹ ሰማንያ ሦስት ሐይቁ ሞልቶ በግድቡ አናት ፈስሷል፤ ዛሬ ዳርቻ የሆነው ቦታ ያኔ ሃምሳ ሜትር ውሃ ከላዩ ነበረበት። ወረቀቱን በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የተቀመጡበት ሌላ ድንጋይ ነው። ይኼኛው ያኔ ሃምሳ ሜትር ከውሃ በታች ነበር።»

ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን አነበቡ። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት።

«ዓሣውማ ብዙ ነበር» አሉ።

«ይሆናል።»

«ሪፖርቱ ላይ ስሜን ጽፈሃል?»

«የጻፍኩት የእኔን ነው። ድንጋዩን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎን ቀያሽ ብሎ የቀጠረ የለም።»

ጋሽ ዘውገ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያጥፉ ቆዩ። አንተንም ገና አልቀጠሩህም አሉት፤ ከዚያ ምሳ ሳይበላ እንደማይሄድ ነገሩት።

ረቡዕ ከሺፍቱ በፊት፣ ሰመርሊን ባለ የመስታወት ቢሮ ውስጥ፣ ግዛቸው አምስት የቦርድ አባላት ፊት ቆመ። ናርዲ ማለዳ በስልክ ሁሉንም ሰምታለች፤ መጀመሪያ «ኦ ማይ ጋድ» ብላ ነበር፣ ቀጥላ እሷም ሳታረጋግጥ ማሳለፏን እንደምትናገር ነገረችው። ሁለቱም እንዳሉት አደረጉ። የሪፖርቱ አንደኛ መስመር እንዲህ ይል ነበር፦ ሳይት አሥራ ሰባት በስድስት ወር ውስጥ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል፤ ያለፈው ውጤት ስህተት ነው፤ የስህተቱ ምክንያት ቀያሹ ነው።

አንደኛው የቦርድ አባል፣ የተሳሳተው መጸዳጃ ቤቱ ላለመሆኑ ማስረጃ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። ሌሎቹ ሳቁ። ግዛቸው አልሳቀም፤ ፊቱ በራ። ከጥያቄዎች ሁሉ ጥሩው ይኸኛው ነው አላቸው፤ ቱምቢውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አንጠለጠለና፣ ስለ ግድግዳው፣ ስለ አስፋልቱ፣ ስለ ኪስ ደብተሩ ሃያ ደቂቃ አስረዳ። ለአንድ ሰዓት ቀጠሮ የተሰጠው ስብሰባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰዓቱን አሳለፈ።

ቦርዱ ብልህ ውሳኔ ወሰነ። ሳይት አሥራ ሰባት በአስቸኳይ እንዲቆፈር በአራት ድምፅ አጸደቀ፤ ሰብሳቢው ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ፤ ስለ ሚስታቸው ሲሉ ይመስላል። ቅጥሩ ግን ለስድስት ወር ተላለፈ። አንድ አባል ስህተቱን ያደረገው ሰው አይቀጠርም አሉ፤ ሌላው ስህተቱን ያገኘውን ሰው አለመቅጠር ነውር ነው አሉ፤ ናርዲ ሁለቱም አንድ ሰው መሆኑን አስታወሰቻቸው። ስለዚህ አቶ ግዛቸው በስድስት ወር ውስጥ ለውጥ ማሳየቱና አለማሳየቱ እንዲታይ፣ እንደ ሳይቶቹ ሁሉ በክትትል ሥር እንዲቆይ ተወሰነ። አሥራ ሁለት ዓመት ሰው ሲከታተል የኖረ ሰው በመጨረሻ ተራው ደረሰ።

ደመቀች በስልክ ስትሰማ፣ ታዲያ ካሜራውን የት ሊሰቅሉት ነው አለች። ከዚያ እራት ምን ይሻልሃል አለችው።

በሚቀጥለው ሰኞ አዲስ ምልክት ሊለጠፍ ሁሉም ወደ ሐይቁ ወረዱ። ቆፋሪዎቹ በአምስቱ ጉድጓዶች ዙሪያ ገመድ ወጥረዋል። ግዛቸው በዚህኛው ጊዜ ወደ ዳገቱ ወጣ፤ ከመሬት የበቀለውን ቀይ አለት ዞረው፣ በጀርባ አየው፣ በሆዱ ተኝቶ ሥሩን መረመረው፣ በመዶሻ መትቶ ድምፁን አዳመጠ። ከመጸዳጃ ቤቱ ከሦስት ማዕዘን ለካው። ናርዲ አንድ ሰዓት ሙሉ ስትጠብቀው ሁለት ጊዜ ውሃ አቀበለችው።

ጋሽ ዘውገ ወንበራቸውን ይዘው አዝግመው ደረሱ፤ አለቱ ጥላ ሥር ዘርግተው ተቀመጡና ወደ ላይ ተመለከቱት።

«ጋሼ» አለ ግዛቸው፣ ምልክቱን በእጁ እንደያዘ፤ «ይህን ድንጋይ ያውቁታል?»

ጋሽ ዘውገ አለቱን ከላይ እስከ ታች ቃኙት። አፋቸው አንድ ነገር ሊል ተከፈተ፤ ተመልሶ ገጠመ።

«አላውቀውም» አሉ። «ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«ጥሩ» አለ ግዛቸው፤ ምልክቱን ለጠፈው።